አዲስን ነገር አሮጌ ማስመሰል ሐሰት ነውን?



ሐሰት ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም የምንሰጠው መልስ አለን። ያልሆነውን ሆነ፥ የሆነውን አልሆነም ማለት ነው እንላለን። ዳሩ ግን በአንደበት ሳይሆን በእጅ ስለሚነገረው ነገር ምን እንላለን? አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ትናንት የተሠራውን ዕቃ የብዙ ዘመን ዕቃ የሚያስመስል ሰው ሐሰት ተናግሯልን? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሲመረምሩት ግን እስከ ራሳችን ጓዳ ድረስ የሚዘልቅ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄውን በመካከላችን ያስነሣው አንድ ትንሽ ታንክ ነው። የምሕንድስና ተማሪ ለሆነ አንድ ወንድማችን በውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ አንድ ካርቶን ላከለት። በካርቶኑ ውስጥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ታንክ የነበረው የቲ-34 ክፍሎች ከፕላስቲክ ተሠርተው፥ ከእውነተኛው መጠን 35 ጊዜ አንሰው ተደርድረዋል። እውነተኛው ታንክ ከ25 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህኛው ግን በመዳፍ ይያዛል። ወንድማችን ገጣጥሞ ቀለም ቀብቶ ባመጣው ጊዜ ታንኩ አዲስ አይመስልም ነበር። ነጩ ቀለሙ ተቀርፏል፤ ጠርዙ ተፍቋል፤ ዝገቱ ወርዷል። ከእኅቶቻችን አንዷ አገላብጣ አየችውና «ይህ ነገር አንድም ቀን በረዶ አላየም፤ አንድም ጥይት አልነካውም። ይህን ሁሉ ጠባሳ ታዲያ ከየት አመጣው? ይህስ ሐሰት አይደለምን?» ስትል ጠየቀች። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይተን ግን ጥያቄዋ የሚሳቅበት እንዳልሆነ ስላየን ሐሳባችንን እንዲህ አድርገን አቀረብነው።

1ኛ/ ሥራው እንዴት ይሠራል?

በአንድ ነገር ላይ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባናል። ታንኩ ከተገጣጠመ በኋላ በመጀመሪያ ሁለመናው አረንጓዴ ይቀባል። አረንጓዴው ሲደርቅ ለፀጉር የሚነፋው ስፕሬይ በሥሡ ይነፋበታል፤ በዚያ ላይ ነጭ ቀለም ይደረባል። ነጩ እንደ ደረቀ ቡሩሽ ለብ ባለ ውኃ እየነከሩ ሲያሹት ከሥር ያለው ስፕሬይ ይሟሟና ነጩ እየተቀረፈ አረንጓዴው ብቅ ይላል። ቀጥሎ ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ እጅግ ቀጥኖ በየብሎኑና በየመጋጠሚያው ዙሪያ ይንጠባጠባል፤ የቆሻሻና የዝገት ጥላ የሚሰጠው ይህ ነው። የእርሳስ ዱቄት በሹል ጠርዞች ላይ ሲታሽ ቀለም የለቀቀው ብረት ይመስላል። በማርሚታው አፍ ላይ ጥላሸት ይታሻል። በሰንሰለቱና በፓራፋንጎው ላይ ደግሞ ከጀሶና ከቀለም የተለወሰ ጭቃ ይለጠፋል።

ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 በሩሲያ ምድር በተደረገው ጦርነት ወታደሮች አረንጓዴውን ታንክ በበረዶው ሜዳ ላይ ከጠላት ዓይን ለመሰወር በኖራ ወይም በውኃ በሚለቅ ነጭ ቀለም ይለቀልቁት ነበር። ሥራው ብዙ ጊዜ በወፍራም ቡሩሽ በችኮላ የሚሠራ ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ነጩ ታጥቦ አረንጓዴው መመለስ ነበረበትና። ስለዚህ ነጩ ቶሎ ይለቅ ነበር። ቀድሞ የሚለቀውም ወታደሮቹ በሚወጡበትና በሚወርዱበት፥ ክዳኑን በሚከፍቱበትና በሚዘጉበት፥ የቀለጠው በረዶ በሚፈስበት ሥፍራ ነበር። የትንሹን ታንክ ቀለም የሚቀባ ሰው ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት። የሰው እግር ከማይደርስበት ቦታ ላይ ቀለሙን ቢቀርፍ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይታዘበዋል። አረንጓዴው መጀመሪያ፥ ነጩ ሁለተኛ፥ መላጡ ሦስተኛ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ታሪክ ነው። የሥራው ሕግ እንግዲህ በአጭሩ ምክንያት የሌለው ጭረት አይጫርም የሚል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላችንም አንድ ነገር ልብ እንበል። እኛ የባሕር ዳር ልጆች «ክረምት» ስንል ሰኔን፥ ሐምሌንና ነሐሴን ማለታችን ነው። ርብና ጉማራ ይደፈርሳሉ፤ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቁሩ አፈር እግር ይዞ አልለቅም ይላል። በሩሲያ ነጩ በረዶ የሚወርደው ግን በእኛ ታኅሣሥና ጥር፥ አቧራ በሚነሣበት በጋ ነው። «በረዶ» ስንልም ብዙ ጊዜ በዓይነ ልቡናችን የሚመጣው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ጠጠር የሚዘንበው ነው። «የክረምት ቀለም» የተባለውን ቃል ብቻ ይዘን እንደ ገዛ ክረምታችን ብንቀባ ኖሮ ታንኩ እስከ ሆዱ ጭቃ ለብሶ ይወጣ ነበር እንጂ ነጭ አይሆንም ነበር። ወንድማችን በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን ወቅት ለመቀባት ፎቶግራፍ መመልከት፥ መጽሐፍ ማገላበጥ ግድ ሆኖበታል። በደንብ መቅዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የማያውቀውን ለይቶ ማወቅ አለበት።

የበረዶን ጦርነት በሥጋቸው ያወቁ ኢትዮጵያውያን ግን ነበሩ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ናቸው። በየተራው ከ6,000 በላይ የሆኑ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያ ወድቀዋል። ከደጋው አገራችን ሄደው በዚያ የኮርያ ተራራ ላይ በምሽግ ውስጥ ያደሩ ሰዎች ስለ ነጩ ክረምት የሚያውቁትና ከፎቶግራፍ ላይ አይቶ የሚቀባ ሰው የሚያውቀው አንድ አይደለም። አንዱ ጠባሳ ነው፤ ሌላው የጠባሳ ሥዕል ነው። ቀጥሎ የምንለው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

2ኛ/ ሐሰት የሚሆነው መቼ ነው?

በጥንት ዘመን የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ምስል ሠሪዎችን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከት ነበር። አናጢው አልጋ ሲሠራ የእውነተኛውን አልጋ ሐሳብ ይቀዳል፤ ሠዓሊው ደግሞ የአናጢውን አልጋ መልክ ይቀዳል፤ ስለዚህ ሠዓሊው ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ የራቀ ነው ይል ነበር። ደቀ መዝሙሩ አሪስቶትል ግን በዚህ አልተስማማም። ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚማረው በመቅዳት ነው፤ በእውን ቢያየው የሚያሳዝነውን ነገር እንኳ በሥዕል ሲያየው የሚደሰተው ነገሩን እያወቀና እየተማረ ስለሆነ ነው ሲል አስተማረ። ከእነርሱ ብዙ ዘመን በኋላ የሰሜን አፍሪቃው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያም ሐሰትን ሐሰት የሚያደርገው የማታለል ፈቃድ መሆኑን ካሳየ በኋላ፥ ቀልድ በአነጋገሩ ራሱን ስለሚገልጥ ከሐሰት አይቆጠርም የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ለጥያቄያችን ቁልፍ ይሆነናል። ቀልድ በድምፁ ራሱን እንደሚገልጥ ሁሉ ትንሹ ታንክም በመጠኑ ራሱን ይገልጣል። በመዳፍ ላይ የተቀመጠ ታንክ በሞስኮ ደጃፍ ተዋግቻለሁ ብሎ ማንንም ሊያታልል አይችልም። ትንሽነቱ ራሱ «እኔ ሥዕል ነኝ» እያለ ይመሰክራል። በአገራችንም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ነው፤ አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መንገደኛው አምሳያ መሆኑን ስለሚያውቅ ተታለልሁ አይልም፤ ቆም ብሎ የመቅደላውን ያስባል እንጂ።

በተቃራኒው ደግሞ ቅዱስ መጽሐፍ አዲስን ነገር አሮጌ ስለ ማስመሰል የሚተርክልን አንድ ታሪክ አለ። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የተጻፈው የገባዖን ሰዎች ታሪክ ነው። እነዚህ ሰዎች የቅርብ ጎረቤት ሳሉ ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል አሮጌ ጆንያ በአህዮቻቸው ጫኑ፤ የተቀደደና የተጣፈ አቁማዳ ያዙ፤ የተጠጋገነ ጫማ ተጫሙ፤ የደረቀና የሻገተ እንጀራ ቋጠሩ። ኢያሱም የጫማውን ማለቅና የእንጀራውን መሻገት አይቶ የመንገዱን ርዝመት አመነ፤ ቃል ኪዳንም ገባላቸው። ከ3 ቀን በኋላ ጎረቤቶቹ ሆነው ተገኙ። በሥራው ብልሃት ብንመለከተው የገባዖን ሰዎች ጥበብ ከወንድማችን ጥበብ የሚለይ አይደለም። እነርሱም ምክንያት የሌለው ጭረት አልጫሩም፤ ረጅም መንገድ ምን እንደሚያስረጅ አስበው ያንኑ አስረጁ። ልዩነቱ ከጥበቡ ውጭ ነው። የገባዖን ሰዎች በአሮጌው ጫማ ውል ተዋውለውበታል፤ ትንሹ ታንክ ግን ከማንም ጋር ውል አልገባም።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሐሰቱ የሚገኘው በቀለሙ ውስጥ ሳይሆን በሚያሳየውና በሚያየው ሰው መካከል ባለው ነገር ነው። ለመለየትም ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል። የሚያየው ሰው አዲስ መሆኑን ያውቃልን? የሠራው ሰው ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራልን? በእርጅናው መልክ ምክንያት ያለዚያ የማያገኘውን ገንዘብ፥ ክብር ወይም እምነት ያገኝበታልን? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አዎን»፥ ሦስተኛው «አይደለም» የሚል መልስ ካገኙ ሥራው ንጹሕ የእጅ ሥራ ነው።

3ኛ/ በእኛው ዳርቻ

ይህ ነገር የሩሲያና የፕላስቲክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ጣና ዳርቻ እንውረድ። ታንክና ታንኳ በስም ይቀራረባሉ፤ በእኛ ገበያ በትንሹ ተሠርቶ የሚሸጠው ግን ታንኳው ነው። እውነተኛው ታንኳ ነገደ ወይጦ ከጥንት ጀምሮ በጥበብ የሚሠሩት የደንገል ጀልባ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ እየወጣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ይህም ሆኖ ብዙ አያገለግልም፤ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ይተካል። ትንንሾቹ ታንኳዎች ደግሞ በወደቡ አካባቢና በዘጌ ወደ ገዳማቱ በሚያወጣው መንገድ ዳር ለእንግዳ ይሸጣሉ። ከዚያው ደንገል የተሠሩ፥ በዚያው አስተሳሰር የታሰሩ፥ ክንድ የማይሞሉ ናቸው። ማንም ገዝቶ ልሳፈርበት አይልም። ሠሪው እውነተኛውን የሚያውቅ ስለሆነ ትንሹም እውነተኛ ነው። የደንገሉ ሜዳ በእርሻና በእምቦጭ አረም እየጠበበ በሄደበት በዚህ ዘመን ትንሿ ታንኳ የአንድን ጥበብ ትዝታ ይዛ ትጓዛለች።

እንዲሁም በየቱሪስቱ ገበያ በብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ይሸጣሉ። ከእነዚህ መካከል ሠዓሊው ትናንት ሣልሁት ብሎ የሚሸጠው አለ፤ እርሱ የላቡን ዋጋ ይቀበላል። ሌላው ግን አዲሱን ሥዕል በጢስ አጥቁሮ፥ ጠርዙን አሽቶና ቀዶ ከጥንት ዘመን የመጣ ነው ብሎ ይሸጣል። ይህ የገባዖን ጫማ ነው።

«ድሀ ነው፤ ምን ያድርግ? ፈረንጁ ራሱ አሮጌ ይፈልጋል፤ ለአዲሱ ዋጋ አይሰጥም» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የገባዖን ሰዎችም ያን ያደረጉት ለነፍሳቸው ፈርተው ነበር። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብለን እንመርምረው። በቅድሚያ ገዢውን እናስብ። ሥዕሉ በእውነት የጥንት ቢሆን ኖሮ ከየት ሊመጣ ይችላል? ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወይም ከአንድ ገዳም ነው። እንግዲህ በመንገድ ዳር አሮጌ ሥዕል ፈልጎ የሚገዛ ሰው ሳያስበውም ቢሆን የተሰረቀ ቅርስ ለመግዛት ተዘጋጅቷል። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው በከንቱ አይደለም። ሻጩ በሐሰት፥ ገዢው በስርቆት አሳብ ተገናኝተዋል። ፈረንጁ ራሱ ፈልጓል ማለት የአንዱን በደል በሁለተኛው ማባዛት እንጂ ማቅለል አይሆንም።

ሁለተኛው ተጎጂ ሠዓሊው ራሱ ነው። ሥዕሉን አሮጌ ለማስመሰል የገዛ ስሙን መደምሰስ አለበት። መልካም የሣለው እጅ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረታችን ለእርሱ አይሠራም፤ ገና በሕይወት ሳለ ስሙን በጢስ ሸፍኖታልና።

ሦስተኛው ተጎጂ እውነተኛው አሮጌ ነው። ይህን ለመረዳት ከጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ወደማትርቀው ወደ እንፍራዝ እንሂድ። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ደራሲው በ17ኛው መቶ ዘመን በዚያች አገር እንደ ኖረ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የጥንት አይደለም፤ የጻፈው በ19ኛው መቶ ዘመን መጽሐፉን አገኘሁ ያለው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ተነሣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ደክመው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኛ እዚህ ለመፍረድ አይደለም። አንድ ጊዜ «ይህ አሮጌ የተደረገ አዲስ ነው» የሚል ጥርጣሬ ከገባ አንድ መጽሐፍ መቶ ዓመት ሙሉ ስለ ሐሳቡ ሳይሆን ስለ ልደቱ ሲጠየቅ እንደሚኖር ለማሳየት ነው። በመንገድ ዳር በጢስ የጠቆረው እያንዳንዱ ብራናም በገዳማችን ዕቃ ቤት ባለው እውነተኛ ብራና ላይ እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ይጨምርበታል።

4ኛ/ የጦር መሣሪያን አሳንሶ መሥራት ተገቢ ነውን?

ከመካከላችን ሌላ ጥያቄ ያቀረቡም ነበሩ። «ሐሰት አይሁን፤ ግን ሰው የሞተበትን ነገር ጌጥ አድርጎ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ክርስቲያናዊ ነውን?» አሉ። ይህም በክልላችን ውስጥ ላለን ወጣቶች የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በእኛ ዕድሜ የጦርነትን ድምፅ ያልሰማ፥ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያልጎደለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። በደርግ ዘመን ጦርነት የተመቱ ታንኮች በሰሜን ኢትዮጵያ መንገዶች ዳር ለብዙ ዓመታት ዝገው ቆመው ነበር። እነዚያን ታንኮች ያስረጃቸው ቡሩሽና አኳራጅ አልነበረም።

ታሪካችንን እንመልከት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዢ የነበሩት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና መተላለፊያ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጠመ። እያንዳንዱ ታንክ ሁለት ሰው የሚይዝ፥ መትረየስ የታጠቀ፥ 3 ቶን ገደማ የሚመዝን ነበር። ከዚያ በፊት ታንክ አይተው የማያውቁ ሰዎች እስከ ብረቱ ድረስ ተጠግተው ታንኮቹን ማረኩ፥ አቃጠሉም። ያ ታንክ 35 ጊዜ አንሶ ቢሠራ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ መጫወቻ ይሆናል። መጫወቻው ስድብ ነውን ወይስ መታሰቢያ?

መልሳችን በሚሠራው ሰው እውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለ ታንኩ ውበት ብቻ የሚጨነቅ፥ ጭረቱን ለጭረቱ ሲል የሚወድ ሰው በሌላው ሞት ይጫወታል ብንል አልተሳሳትንም። ነገር ግን ጭረቱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ወደ ሰዎቹ መድረሱ አይቀርም። ክዳኑ አጠገብ ቀለሙ የለቀቀው በዚያ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ስለነበረ ነው፤ ያ ሰው ማን ነበር? ሲወርድ ወዴት ሄደ? ተመልሶ ወጣን? ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ወንድም ከሥራው በታች በአጭር ጽሑፍ ቦታውን፥ ዓመቱንና በዚያ የሆነውን ቢያኖር መልካም ነው እንላለን። ወሰንም ይኑረው። የብረትን ጠባሳ መቀባት አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ደም ለጌጥ መቀባት ግን ሌላ ነው። ወንድማችን ይህን ወሰን ከእኛ ምክር በፊት ራሱ ጠብቆታል፤ በታንኩ ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ ቀለም የለም።

5ኛ/ ሰው 35 ጊዜ አንሶ አይሠራም

እስካሁን ስለ ዕቃ ተናገርን። አሁን ስለ ራሳችን እንነጋገር፤ ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አዲስን አሮጌ ማስመሰል በዕቃ ብቻ አያበቃምና።

ሦስት መጽሐፍ አንብቦ ሁሉን አይቶ እንደ ሰለቸ ሽማግሌ የሚተነፍስ ወጣት አለ። በጾም ወራት መጾሙ እንዲታወቅለት ፊቱን የሚያጠወልግ አለ፤ ጌታችን በወንጌል ይህን ነቅፎታል፤ በኖራ ስለ ተለሰኑ መቃብሮችም ተናግሯል። ያልዋለበትን ጦር ሜዳ እንደ ዋለበት አድርጎ የሚተርክ አለ። ያልተፈናቀለ ሆኖ ሳለ የተፈናቀሉትን ሰዎች እንባ ተውሶ በሰው ፊት የሚያለቅስ፥ የሌለውን ቁስል በጨርቅ ጠቅልሎ መንገድ ዳር የሚቀመጥም አለ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ሥራ ወንድማችን በቡሩሽ ከሠራው ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሁሉም ያልደረሰባቸውን ጠባሳ በላያቸው ላይ ቀብተዋል።

ይሁን እንጂ ታንኩ ንጹሕ ሆኖ እነርሱ የሚወቀሱበት ምክንያት አለ። ታንኩ 35 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ይህንንም በመጠኑ ይናገራል። ሰው ግን ሁልጊዜ በሙሉ ቁመቱ የቆመ ነው። አጠገባችን ቆሞ የሚያለቅስ ሰው «እኔ አምሳያ ነኝ» የሚል ምልክት የለውም፤ ስለዚህ የሚያየው ሁሉ እውነተኛ ብሎ ይቀበለዋል። ከላይ ባነሣናቸው ሦስት ጥያቄዎች ብንፈትነው በሦስቱም ይወድቃል። የሚያየው ሰው አያውቅም፤ እርሱም ቢጠየቅ አይናገርም፤ ያልደከመበትን ክብር፥ እምነት ወይም ምጽዋት ይቀበላል። እንደ ብራናውም ሁሉ ጉዳቱ በእውነተኛው ላይ ይወድቃል። በሐሰተኛ ቁስል ሁለት ጊዜ የተታለለ ሰው በሦስተኛው ቀን እውነተኛውን ቁስለኛ አይቶ ያልፋልና።

«ታዲያ አባቶችን አንምሰልን? ቅዱሳንን አርአያ አድርጉ እየተባልን አይደለምን ያደግነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መምሰል የግድ ነው፤ ሰው ደግ የሚሆነው የደጎችን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት ነው። ነገር ግን የሥራ መምሰልና የምልክት መምሰል ይለያያሉ። የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ዜማውን ይቀዳል፤ የመምህሩን ሳል አይቀዳም። ሳሉ የመጣው ከብዙ ዓመት ማኅሌት፥ ከሌሊቱ ብርድ፥ ከዕድሜው ነው። ተማሪው ሳሉን ቢቀዳ ይስቁበታል፤ ዜማውን ቢቀዳ ግን ከዓመታት በኋላ መምህር ይሆናል፤ ምናልባትም በዚያን ጊዜ ሳሉ ራሱ ሳይጠራ ይመጣ ይሆናል።

እኛም በዚህ ዕድሜያችን አዲስ መስለን ብንታይ አንፈር። የሃያ ዓመት ሰው ፊት የሃያ ዓመት ሰው ፊት ቢመስል እውነት ነው። ያልዘመትንበትን አልዘመትንም፥ ያልገባንን አልገባንም፥ ያልጾምነውን አልጾምንም እንበል። የአባቶቻችንን ሥራ እንቅዳ፤ የታመመውን እንጠይቅ፥ የተፈናቀለውን እንርዳ፥ የተጣላውን እናስታርቅ። በዚህ መንገድ ብዙ ከተመላለስን የእኛም ቀለም እግር በበዛበት በኩል ይለቃል፤ በዚያን ጊዜ ጭረቱ ምክንያት ይኖረዋል።

ለሚቀጥለው ውይይታችን አንድ ጥያቄ ትተን እናብቃ። ሰው ሐዘኑን ችሎ የደስተኛ መልክ ይዞ ወደ ወንድሞቹ ቢመጣ፥ ይህስ ከማስመሰል ይቆጠራልን? ሐሳብ ያላችሁ አባላት ጽፋችሁ አምጡና እንወያይበት።